ኢሜሉ ይገባል እንጂ አይወጣም

ጥያቄ፦

ወንድሜ እንዴት ሰነበትክ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ዘጠኝ ክፍል ያላት ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለችኝ። ኢሜላችን በራሳችን ስም የወጣ ነው፣ ዌብሳይቱን የሰራልን ልጅ ነው አብሮ ያወጣልን፣ ልጁ አሁን አገር ውስጥ የለም ስልኩም አይሰራም። ባለፈው ወር መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኮምፒውተራችን ተቃጠለና ሌላ ገዛን፣ የእህቴ ልጅ ተንደርበርድ የሚባለውን የኢሜል ፕሮግራም ጫነና የድሮውን አድራሻና ፓስወርድ አስገባ፣ የእንግዶቹ መልእክት ሁሉ ግር ብሎ ገባልን፣ ደስ አለን። መልስ ስንጽፍላቸው ግን አይሄድም፣ እየላክሁ ነው እያለ ቆይቶ ቆይቶ ሰርቨሩ አልመለሰም የሚል ነገር ያመጣል። የእህቴ ልጅ "አውትጎይንግ ሰርቨሩን ማወቅ አለብን" አለኝ፣ ኢንተርኔት የሚሰጡን ሰዎች ጋ ሄደን ስንጠይቅ ኢሜላችሁ እኛ ጋ አይደለም አሉን። እኔን ይበልጥ ግራ የገባኝ ስልኬ ላይ ይሄው ራሱ ኢሜል ይልካል። ለጥምቀት ክፍል የጠየቁ እንግዶች አሉ፣ መልስ ካጡ ሌላ ቦታ ይይዛሉ። ይሄ አድራሻ የት ነው የሚገኘው?
የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት፣ ከፒያሳ

መልስ፦

እትዬ፣ ሁሉን ነገር ትተው መጀመሪያ ለእንግዶቹ ከስልክዎ ይመልሱላቸው። ጥምቀት ላይ ጎንደር አልጋ እንዴት እንደሚሻማ እርስዎ ከኔ በላይ ያውቃሉ፣ ኮምፒውተሩ ነገም ይደርሳል። ደግሞ ስልኬ ላይ ይልካል ያሉኝ ነገር ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም የሚፈልጉት አድራሻ እዛው ስልክዎ ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል ማለት ነው፣ ልጁ ያኔ ሞልቶት ነው የሄደው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢሜል ሁለት በር አለው፣ አንዱ የሚገባበት ሌላው የሚወጣበት። ብዙ ሰው አንድ ይመስለዋል፣ ምክንያቱም ጂሜይልን በብሮውዘር ሲከፍት ሁለቱም አንድ ገጽ ላይ ነው የሚያያቸው። ኮምፒውተር ላይ በሚጫን ፕሮግራም ግን፣ ተንደርበርድም ሆነ አውትሉክ፣ መልእክት የሚመጣበት ሰርቨር (ኢሜሉን የሚያስተናግደው ሩቅ ያለ ኮምፒውተር) ለብቻው ይሞላል፣ አይማፕ ወይም ፖፕ ይባላል፣ የሚላክበት ደግሞ ኤስኤምቲፒ ይባላል እና የራሱ ስም፣ የራሱ ፖርት ቁጥር (ሰርቨሩ ላይ የሚገባበት የበር ቁጥር በሉት)፣ የራሱ ሴኪውሪቲ፣ የራሱ ዩዘርኔምና ፓስወርድ አለው። የእርስዎ ኮምፒውተር ላይ የመግቢያው በር በትክክል ተሞልቷል፣ የመውጫው ግን ተገምቶ የተሞላ ነው። ተንደርበርድ አዲስ አካውንት ሲገባበት የታወቁትን እንደ ጂሜይል ያሉትን ከራሱ መዝገብ ያወጣል፣ የማያውቀው ዶሜይን (ኢሜሉ ላይ ከአት ምልክቱ በኋላ ያለው ስም) ሲመጣበት ግን የተለመዱ ስሞችን እየሞከረ ይገምታል፣ የእህትዎ ልጅ ምንም አላጠፋም።

እና ስልክዎ አንድሮይድ ከሆነ፣ ኢሜሉን የሚያዩትም በጂሜይል አፕ ከሆነ፣ ግራ ጥግ ያሉትን ሶስት መስመሮች ይንኩና ወደ ታች ወርደው ሴቲንግስ ይግቡ፣ የማረፊያዎን ኢሜል ይምረጡ፣ ወደ ታች ሲወርዱ "አውትጎይንግ ሴቲንግስ" የሚል ያገኛሉ። እዛ ውስጥ የሰርቨሩ ስም፣ ፖርቱ፣ የሴኪውሪቲው አይነትና ዩዘርኔሙ ተደርድሮ አለ፣ አይነኩትም፣ በወረቀት ይገለብጡታል፣ አንዲት ነጥብ እንኳ ሳይቀር። አይፎን ከሆነ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ (አዲሱ ሶፍትዌር ካለው መጀመሪያ አፕስ ብለው) ሜይል የሚለው ጋ ገብተው አካውንቱን ሲነኩት ኤስኤምቲፒ የሚል መስመር አለ፣ እሱን ሲነኩ ያው ዝርዝር ይመጣል።

ከዛ ኮምፒውተሩ ላይ ተንደርበርድን ይክፈቱና ከሜኑው አካውንት ሴቲንግስ የሚለውን ይጫኑ። በግራ በኩል ያለውን ዝርዝር እስከ መጨረሻው ሲወርዱ ከአካውንቶቹ ሁሉ በታች አውትጎይንግ ሰርቨር የሚል ለብቻው ተቀምጧል፣ ብዙ ሰው አካውንቱ ውስጥ ሲፈልገው የሚያጣው ለዚህ ነው። እሱን መርጠው ኤዲት ብለው ከስልኩ የገለበጡትን ይሙሉ፣ ዩዘርኔም በሚለው ቦታ ሙሉ የኢሜል አድራሻዎን ከነ ዶሜይኑ ይጻፉ፣ ግማሹን ብቻ አይጻፉ። ሲጨርሱ ወደ ላይ ተመልሰው የኢሜልዎን ስም ይጫኑ፣ በቀኝ በኩል ከታች ይሄ አካውንት በየትኛው አውትጎይንግ ሰርቨር እንደሚልክ የሚመረጥበት ሳጥን አለ፣ አሁን ያስተካከሉት መመረጡን ይዩ። ይሄን አይዝለሉት፣ ሰርቨሩ በትክክል ተሞልቶ አካውንቱ ግን በሌላ ሰርቨር እየላከ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲለፋ አይቻለሁ።

ስልኩ ላይ የሌላችሁ አንባቢዎች ደግሞ አላችሁ፣ ለናንተም ልመልስ፣ ምክንያቱም ይሄ ጥያቄ በወር ሶስት አራቴ ይመጣልኛል። የሁሉም ስህተት አንድ ነው፣ ኢንተርኔት የሚሰጠውን ድርጅት ነው የሚጠይቁት። የመላኪያው አድራሻ የመስመሩ ጉዳይ አይደለም፣ የመልእክት ሳጥናችሁ ያለው ማን ጋ ነው የሚለው ነው ጉዳዩ። አድራሻችሁ ጂሜይል ከሆነ ሰርቨሩ ኤስኤምቲፒ ዶት ጂሜይል ዶት ኮም ነው፣ ያሁ ከሆነ ኤስኤምቲፒ ዶት ሜይል ዶት ያሁ ዶት ኮም፣ መስሪያ ቤታችሁ የማይክሮሶፍት 365 ተጠቃሚ ከሆነ ኤስኤምቲፒ ዶት ኦፊስ365 ዶት ኮም። እንደሚነበቡ አድርጌ ነው የጻፍኳቸው፣ ስትሞሉ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ዶት ያልኩበት ላይ ነጥብ፣ መሀል ላይ ክፍት ቦታ የለም።

በራሱ ስም ዶሜይን ያወጣ ሰው ግን ሳጥኑ ማን ጋ እንዳለ ከአድራሻው አያውቅም፣ እዚህ ላይ ነው ሁሉም የሚደናገረው። መፈለጊያው ቀላል ነው። ዊንዶውስ ላይ ኮማንድ ፕሮምት የሚባለውን ጥቁር መስኮት ክፈቱ፣ ኤንኤስሉክአፕ የሚለውን ጻፉ (ኤን፣ ኤስ፣ ከዛ ሉክአፕ፣ ሳይለያይ)፣ ስፔስ፣ ሰረዝ፣ ኪው፣ የእኩል ምልክት፣ ኤምኤክስ፣ ስፔስ፣ ከዛ የራሳችሁን ዶሜይን፣ ማለት ከኢሜላችሁ ላይ ከአት ምልክቱ በኋላ ያለውን፣ ከዛ ኢንተር። ሁለት ሶስት መስመር ይመጣል፣ "ሜይል ኤክስቼንጀር" ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ስም መጨረሻውን ብቻ እዩት። መጨረሻው ጉግል ዶት ኮም ከሆነ ኢሜላችሁ ጉግል ጋ ነው፣ ከላይ ያልኩትን የጂሜይሉን ሰርቨር ትጠቀማላችሁ። ፕሮቴክሽን ዶት አውትሉክ ዶት ኮም ካለ ማይክሮሶፍት ጋ ነው። ዞሆ የሚል ካለበት ዞሆ የሚባለው የኢሜል ድርጅት ጋ ነው። የራሳችሁን ዶሜይን መልሶ ካመጣላችሁ፣ ወይም ከፊቱ ሜይል ዶት ጨምሮ ካመጣው፣ አብዛኛውን ጊዜ ዌብሳይታችሁ ያለበት ሆስቲንግ (ዌብሳይቱን በኪራይ የሚያስቀምጠው ድርጅት) ላይ ነው ማለት ነው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፣ እዛ የመጣውን ስም ራሱን ገልብጣችሁ መላኪያው ቦታ ላይ አትሙሉት፣ እሱ ከውጭ የሚመጣ ደብዳቤ የሚያንኳኳው በር ነው፣ ለናንተ የሚጠቅማችሁ ባለቤቱን ስለሚነግራችሁ ብቻ ነው።

ሆስቲንግ ላይ ከሆነ ደግሞ ከራሱ ከምንጩ ይገኛል። በብሮውዘር የዌብሳይታችሁን አድራሻ ጽፋችሁ ከኋላው እዝባርና ዌብሜይል ብላችሁ ሞክሩ፣ ሆስቲንጉ ሲፓነል የሚባለውን ማስተዳደሪያ ፕሮግራም የሚጠቀም ከሆነ መግቢያ ገጽ ይመጣል፣ በዛው የኢሜል ፓስወርድ ትገባላችሁ። ውስጥ ላይ ሜይል ክላየንት ስለማዘጋጀት የሚል ቦታ አለ፣ እዛ የመግቢያውም የመውጫውም ሰርቨር ስም ከነ ፖርቱ ተጽፎ ይጠብቃችኋል። ባይኖር ሆስቲንጉን የሚያስተዳድሩት ጋ ደውላችሁ በግልጽ "የኤስኤምቲፒ ስሙን፣ ፖርቱንና ሴኪውሪቲውን ስጡኝ" በሉ፣ ኢሜል አልሰራልኝም ብቻ ካላችሁ ኮምፒውተር ሪስታርት አድርጉ ይሏችኋል።

እኔም ደርሶብኛል። የምሰራበት ቢሮ ኢሜል የሆነ ሆስቲንግ ላይ ነበር፣ ሰዎቹ ሳይነግሩን ወደ ሌላ ሰርቨር አዛወሩት፣ ሰኞ ጠዋት ስንገባ የሁላችንም መልእክት አውትቦክስ ውስጥ ተከምሯል፣ ፓስወርድ ተሰርቋል ብለን ሁሉንም ቀየርን፣ አንቲቫይረስ አጠፋን፣ ከሰአት በኋላ ነው አንዷ ልጅ ዌብሜይል ገብታ ያንን ገጽ ያየችው፣ የሰርቨሩ ስም ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ተቀይሯል። አንድ ቁጥር። ከዛ ቀን ጀምሮ የማውቀውን ሰው ሁሉ የምለምነው፣ ኢሜል የሚያወጣላችሁ ልጅ ስራውን ጨርሶ ሲሄድ ሆስቲንጉ የት እንደሆነ፣ በማን ስም እንደተመዘገበ፣ ሁለቱ ሰርቨሮች ማን እንደሚባሉ በወረቀት አስጽፉት። ገንዘቡን የምትከፍሉት ለሱም ጭምር ነው።

ስለ ፖርቱ ትንሽ ልበል፣ እትዬ እርስዎ ስልኩ ላይ ያገኙትን ይሙሉ እንጂ ይሄን ቢዘሉትም ችግር የለውም። የድሮ መመሪያ ሁሉ 25 ይላል። ኤስኤምቲፒ እ.ኤ.አ. በ1982 ጆን ፖስተል የሚባለው ከኢንተርኔት ጀማሪዎች አንዱ ሲጽፈው አንድ ፖርት ብቻ ነበር፣ ፓስወርድም አይጠይቅም፣ ያኔ ኔትወርኩ ላይ የነበሩት ማሽኖች ጥቂት ነበሩ። በኋላ ማንም እየገባ በሰው ሰርቨር ስፓም ሲልክበት ጊዜ ነገሩ ተለየ፣ በ1998 ለተጠቃሚ መላኪያ ብቻ 587 ወጣ፣ በዓመቱ ፓስወርድ የሚጠየቅበት መንገድ ተጨመረ፣ 25 ሰርቨር ከሰርቨር የሚነጋገርበት ሆኖ ቀረ። ብዙ ቦታ ኢንተርኔት ሰጪዎች 25ን ለተራ ደንበኛ ይዘጉታል። ስለዚ ዛሬ ትክክለኛው ወይ 465 ነው ወይ 587፣ 465 ከሆነ ሴኪውሪቲው ላይ ኤስኤስኤል ቲኤልኤስ የሚለውን፣ 587 ከሆነ ስታርትቲኤልኤስ የሚለውን ምረጡ። እነዚህን ካደባለቃችሁ ልክ እንደ እትዬ ኮምፒውተር እየላክሁ ነው እያለ ይቆያል እንጂ አይወጣም።

ስህተት ሲመጣ ሰው ዝም ብሎ ኦኬ ይላል፣ እባካችሁ ኦኬ ከማለታችሁ በፊት ቁጥሯን እዩ። 535 ካለ ሰርቨሩን አግኝታችሁታል፣ ዩዘርኔም ወይም ፓስወርድ ነው የተሳሳተው። 530 ካለ ፓስወርድ ሳትሰጡ ወይም ሴኪውሪቲውን ሳታበሩ ነው የሄዳችሁት። ሪሌይ የሚል ቃል ከ550 ወይም ከ554 ጋር ከመጣ ሰርቨሩ "አንተን አላውቅህም፣ ለሌላ ሰው አላደርስልህም" ማለቱ ነው፣ ይሄ የቆየው (ክላሲክ) አውትሉክ ላይ በጣም ይመጣል፣ ምክንያቱም እዛ ሞር ሴቲንግስ ውስጥ አውትጎይንግ ሰርቨር በሚለው ገጽ ላይ የኔ መላኪያ ሰርቨር ፓስወርድ ይጠይቃል የምትል ትንሽ ሳጥን አለች፣ ካልተነካች ባዶ ናት፣ ራይት አድርጉባት። ምንም ቁጥር ሳይመጣ ቆይቶ ታይም አውት ካለ ግን ከሰርቨሩ ጋ አልተገናኛችሁም፣ ስሙ፣ ፖርቱ ወይም ከፖርቱ ጋር የመረጣችሁት ሴኪውሪቲ ነው።

እትዬ፣ ምናልባት አንድ ሰው "በጂሜይሉ ሰርቨር እንላከው" ብሎ ያቀልልዎት ይሆናል። አይስማሙ። ጉግል በጂሜይል ስም ገብተው የማረፊያዎን አድራሻ ላኪ አድርገው ቢልኩ ላኪውን ወደ ጂሜይልዎ ይቀይረዋል፣ እንግዳው የማያውቀው አድራሻ ነው የሚያየው። በሌላ ሰው ሰርቨር ቢላክ ደግሞ፣ የተቀባዩ ሰርቨር ዶሜይንዎ ያልፈቀደለት ላኪ ነው ብሎ ስፓም ውስጥ ይጥለዋል። ሰው ከጀርመን ድረስ ቅድሚያ ክፍያ ሊልክ ሲያስብ የማያውቀው አድራሻ ከመጣለት ይፈራል፣ እርስዎም ቢሆኑ ይፈራሉ።

ጥያቄ፦

ሰላም፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ማራኪ ነው የምኖረው። ጂሜይሌን ዴስክቶፕ ላይ አስገብቼ ሰርቨሩንም ፖርቱንም አንተ ከዚህ በፊት እንዳልከው ሞላሁ፣ ፓስወርዴን ግን አልቀበል አለ፣ በብሮውዘር በዛው ፓስወርድ እገባለሁ። ሰርቨሩ ተቀይሮ ነው?

መልስ፦

አልተቀየረም ወንድሜ። ጉግል ከግንቦት 30 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፕሮግራሞች በተራው ፓስወርድ ብቻ እንዲገቡ መፍቀድ አቁሟል። ተንደርበርድ አዲሱ ቨርዥን ከሆነ ኦተንቲኬሽን በሚለው ቦታ ኦኦት2 (OAuth2) የሚለውን ምረጥ፣ የጉግል መግቢያ ገጽ ራሱ ይከፈትልሃል፣ እዛ ገብተህ ፍቀድ። ለመግቢያውም ለመውጫውም ሁለቱም ላይ ቀይረው፣ አንዱን ብቻ ቀይረህ ሌላውን ከረሳኸው ይገባል አይወጣም ውስጥ ትገባለህ። ፕሮግራምህ የቆየ ሆኖ ያ ምርጫ ከሌለው የጉግል አካውንትህ ላይ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን (ከፓስወርዱ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ) አብራና አፕ ፓስወርድ አውጣ፣ 16 ፊደል ይሰጥሃል፣ ያንን ነው በፓስወርዱ ቦታ የምትሞላው። ያሁም እንደዚሁ አፕ ፓስወርድ ይጠይቃል። አውትሉክ ዶት ኮም ደግሞ ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተራ ፓስወርድ አያስገባም፣ የሱ መላኪያ ኤስኤምቲፒ ሰረዝ ሜይል ዶት አውትሉክ ዶት ኮም፣ ፖርት 587 ነው፣ ኦኦት2 የማያውቅ ፕሮግራም ካለህ ሌላ ፕሮግራም መጫን ነው ያለህ አማራጭ።

ጥያቄ፦

አዘዞ ቤቴ ሆኜ ስልክ ሆትስፖት ላይ ላፕቶፔ ይልካል፣ ከተማ ቢሮ ስገባ በቢሮው ዋይፋይ አይልክም፣ መቀበል ግን ይቀበላል። ሴቲንጉ አንድ ነው፣ ምንም አልነካሁም።

መልስ፦

ሴቲንጉ ደህና ነው፣ መንገዱ ነው የተዘጋው። የቢሮው ኔትወርክ የምትልክበትን ፖርት ዘግቶታል። ስንት እንደሆነ ተመልከት፣ 25 ከሆነ ወደ 587 ወይም 465 ቀይረው፣ አብዛኛው በዚሁ ያልቃል። 587 ሆኖም እምቢ ካለ ፓወርሼል የሚባለውን የዊንዶውስ ትእዛዝ መጻፊያ መስኮት ክፈትና ቴስት ሰረዝ ኔትኮኔክሽን፣ ስፔስ፣ የሰርቨሩን ስም፣ ስፔስ፣ ሰረዝ ፖርት፣ ስፔስ፣ 587 ብለህ ጻፍ። ከታች ቲሲፒ ቴስት ሰክሲድድ የሚል መስመር ይመጣል፣ ትሩ ካለ መንገዱ ክፍት ነው፣ ፎልስ ካለ ተዘግቷል። ያንኑ በ465 ድገመው። ሁለቱም ፎልስ ካሉ የቢሮውን ኔትወርክ የሚያስተዳድረው ሰው ጋ ሂድና ስክሪኑን አሳየው፣ የትኛውን ፖርት መክፈት እንዳለበት ወዲያው ይገባዋል።